ጎማ ሲለጠጥ ለምን ይሞቃል? ክሪስታሉንና ሙቀቱን በአንድ ሞዴል ማስላት

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ክፍል። መስኮቱ ዝግ ነው። ቁራጭ የተፈጥሮ ጎማ በሁለት መቆንጠጫ ተይዟል።]

ጎማው 1 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ለባሕር ዳር ሰው የብስክሌት የውስጥ ጎማ ማግኘት ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ቡታይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ስለሆነ የሚከተሉት ቁጥሮች አይሆኑለትም።

በፍጥነት 5 እጥፍ ሲሳብ ይሞቃል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ጎፍ ይህን በ1805 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ኬሚስቱ ካትዝ ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. የተለጠጠ ጎማ ክሪስታል (በሥርዓት የተደረደሩ ሞለኪውሎች) እንደሚሠራ በኤክስሬይ አሳየ። ሙቀቱ ምንጩ ሁለት ነው።

[ምስል፦ ተጠቅልለው የነበሩ ሰንሰለቶች ሲዘረጉ።]

አንዱ የሰንሰለቶቹ፣ ማለትም የጎማው ረጃጅም ሞለኪውሎች፣ መዘርጋት ነው። ኢንትሮፒያቸው (የመዘበራረቃቸው መጠን) ይቀንሳል፤ የሳብንበት ሥራ ሙቀት ይሆናል። ሺር ሞዱለሱ (የጎማው ጥንካሬ) 0.4 ሜጋፓስካል ከሆነ፣ የጎማ መለጠጥን በሚያሰላው በኒዮ-ሁኪያን ቀመር ሥራው 0.2 × (25 + 0.4 − 3)፣ (25 ማለት 5 × 5፣ 0.4 ማለት 2 ÷ 5 ነው)፣ በኪዩቢክ ሜትር 4.5 ሜጋጁል ገደማ ነው። ያን ያህል ጎማ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.75 ሜጋጁል ይበቃል። ሙቀት ካላመለጠ 2.6 ዲግሪ እናገኛለን።

ሁለተኛው ክሪስታሉ ነው። በክፍል ሙቀት ከ4 እጥፍ ገደማ ጀምሮ የተሰለፉት ሰንሰለቶች ክሪስታል ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ክሪስታል 65 ጁል ያህል ይለቃል። ከጎማው 10 በመቶው ብቻ ክሪስታል ቢሆን፣ 6.5 ጁል በግራም ለ1.9 (1 ግራም ጎማን በ1 ዲግሪ ለሚያሞቀው ጁል) ሲካፈል 3.4 ዲግሪ ይሆናል። 10 በመቶው ብቻውን ከመዘርጋቱ የበለጠ አሞቀ!

[ምስል፦ ሦስት መስመሮች፤ ኃይል፣ የክሪስታል መጠን፣ ሙቀት።]

ሞዴሉ በየ0.01 ሴኮንዱ ሦስቱንም ያሰላል። ክሪስታል የገባው ሰንሰለት በጣም ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ የቀረውን ያላላዋል። ስለዚህ ኃይሉ የሚሰላው ክሪስታል ባልሆነው ክፍል ዝርጋታ እንጂ በጠቅላላው ርዝመት አይደለም። የሞቀ ጎማ ደግሞ ክሪስታል ለመሥራት የበለጠ መለጠጥ ይፈልጋል፤ የወጣው ሙቀት ራሱ ሂደቱን ያዘገየዋል። ሙቀቱን በየእርምጃው ወደ ስሌቱ ካልመለሳችሁ ክሪስታሉ ይበዛባችኋል። እርምጃውን ካስረዘማችሁም ውጤቱ ይዘላል፣ ከ100 በመቶ በላይ ክሪስታል የሚል መልስ እስኪወጣ ድረስ።

ሲለቀቅ ክሪስታሉ የሚቀልጠው ከተሠራበት ባነሰ ዝርጋታ ነው። ለመሳብና ለመልቀቅ አንድ ዓይነት የዝርጋታ መነሻ ከሰጣችሁ፣ በሁለቱ የኃይል መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋል።

ትልቁ ስህተት ግን ሞዴሉን በኃይል መስመር ብቻ ማስተካከል ነው። ጠጣር ጎማ ከጥቂት ክሪስታል ጋር፣ ለስላሳ ጎማ ከብዙ ክሪስታል ጋር ተቀራራቢ መስመር ሊሰጡ ይችላሉ። የሚለያቸው ሙቀቱ ነው።

[ምስል፦ መስኮቱ ይከፈታል፤ መጋረጃው ይወዛወዛል።]

የጣና ነፋስ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። 5 እጥፍ የተለጠጠው ጎማ ውፍረቱ 0.45 ሚሊሜትር ይደርሳል። ዝግ ክፍል ውስጥ፣ በካሬ ሜትር በዲግሪ 10 ዋት ቢያጣ፣ የመቀዝቀዣ ጊዜው (ከክፍሉ ያለው የሙቀት ልዩነት ወደ ሲሶ ገደማ የሚወርድበት) 39 ሴኮንድ ነው። ነፋስ ማጣቱን ወደ 30 ቢያሳድገው 13 ሴኮንድ ይቀራል። 10 ሴኮንድ ፈጅታችሁ ከሳባችሁ ያመለጠውን ሙቀት ሞዴሉ እንደ ጎደለ ክሪስታል ይቆጥረዋል።

በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ስትለኩ ኢሚሲቪቲውን (ገጽታው ሙቀት የሚያፈልቅበትን መጠን) 0.95 ላይ አድርጉ። የጎማው ስፋት ወደ 1.3 ሴንቲሜትር እንደሚጠብ አትርሱ፤ የመለኪያው ክብ ከዚያ ከሰፋ የምታነቡት የግድግዳውንም ሙቀት ነው። በጣት አትንኩት።

ለማረጋገጥ ጎማውን እንደተለጠጠ 3 ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ባንዴ ልቀቁት። ከክፍሉ በታች ይቀዘቅዛል። ሞዴላችሁ ይህን ካላሳየ መጀመሪያ የምትፈትሹት የመቅለጫውን ሙቀት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ነው።