«አያመኝም ነበር እኮ»

[ጥቁር ስክሪን። የሚወርድ ውሃ ድምፅ። ቀስ እያለ ብርሃን ይገባል።]

አክስቴ እብጠቷን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። ግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ። ትንሽ ጠጠር ነገር ነች። ነካ ነካ አደረገቻት። አላመማትም። ስላላመማትም ተወችው። ለማንም ሳትናገር ስምንት ወር ቆየች።

በኋላ ለምን ዝም እንዳለች ስንጠይቃት የመለሰችልን ይህን ብቻ ነው። «አያመኝም ነበር እኮ።»

ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ለዚህች መልስ ስል ነው። ሲያመን ሐኪም ዘንድ መሄዱን ሁላችንም እናውቅበታለን። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። ጠንከር ያለ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ሲነኩት የማያምም እብጠት በቶሎ መታየት አለበት። የሚያምም ከሆነም ይታይ። ሕመም መኖሩም ሆነ አለመኖሩ ስለ ካንሰር ማረጋገጫ አይሰጠንም።

[በስክሪኑ ላይ ጽሑፍ፦ እ.ኤ.አ. 2022፣ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች]

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ 670,000 ሰዎች ሞቱ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር የተለየ ተጋላጭነት የላቸውም። «በዘራችን የለም» ብሎ መዝናናት አያዋጣም ማለት ነው። በቀጥታ በዘር ከሚወረስ የጂን ለውጥ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ወንዶችም ይያዛሉ። ከ100 ታማሚዎች አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ወንድ ነው። ወንድሞች፣ ደረታችሁ ላይ እብጠት ካገኛችሁ እናንተንም ይመለከታል።

ቶሎ መገኘቱ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? በአሜሪካ የተሰበሰበውን መረጃ እንይ። ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ ከተገኘ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድል ከእኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር 99 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በሽታው ያው የጡት ካንሰር ነው። ሰፊውን ልዩነት ያመጣው የተገኘበት ጊዜ ነው።

[ምስል፦ በመስታወት ፊት የቆመች ሴት፣ በእርሳስ የተሳለ]

እሺ፣ ምን እንይ? ከእብጠት ሌላ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ይላል፤ ወይም አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል። ወደ ውጭ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ሳይጨመቅ ደም ወይም ፈሳሽ ይወጣል፣ በተለይ ከአንዱ ጡት ብቻ። ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት ይወጣል። ብብት ውስጥ እብጠት ይኖራል።

ለምታጠቡ እናቶች ለብቻው አንድ ነገር ልበል። ጡት ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲሞቅ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። በአንቲባዮቲክ ይድናል። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ካልለቀቃችሁ ግን ሌላ አንቲባዮቲክ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። አልትራሳውንድ ይታዘዝልኝ በሉ። ብዙውን ጊዜ ተለይቶ የሚዳሰስ ጠጠር ነገር ሳይኖረው፣ ጡቱን በማቅላትና በማሳበጥ የሚመጣና በጣም የሚፈጥን የጡት ካንሰር ዓይነት አለ። ኢንፌክሽን እየመሰለ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ስለ ራስ ምርመራም ግልጽ ላድርግ፤ እዚህ ላይ ብዙ የተምታታ ነገር አለ። ድሮ ሴቶች በየወሩ ቀን ቆርጠው፣ በተወሰነ ሥርዓት ጡታቸውን እንዲፈትሹ ይመከሩ ነበር። በሻንጋይ ከ266,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ፣ ይህን ሥርዓት የተማሩት ሴቶች ካልተማሩት ያነሰ የሞት ቁጥር አልነበራቸውም። እንግዲያው ጡታችንን አንንካ? እንደሱ አይደለም። አሁን የሚመከረው ቀለል ያለ ነው። የራሳችሁ ጡት በደህናው ጊዜ ምን እንደሚመስል፣ ሲዳሰስም ምን እንደሚል እወቁ። የወር አበባ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡት ለስለስ ስለሚል ያኔ መዳሰሱ ይሻላል። ለውጥ ካያችሁ ደግሞ ሂዱ። አክስቴ እብጠቷን ለማግኘት ሥልጠና አላስፈለጋትም። ያጣችው የስምንት ወሩን ጊዜ ነው።

[ምስል፦ የማሞግራፊ ማሽን]

ማሞግራፊ የጡት ራጅ ነው። ጡቱን በሁለት ሰሌዳዎች መሃል ለጥቂት ሰከንዶች ይጫነዋል። ምቾት የለውም፤ አንዳንዷን ያማታል። ግን ቶሎ ያልቃል። ጥቅሙ በእጅ የማይገኘውን ትንሽ ነገር ማየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አቅሙና አገልግሎቱ ባለበት ሁሉ ከ50 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ እንዲነሱ ይመክራል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ከ40 ዓመት ይጀምራል። በወጣትነት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል በማሞግራፊ ብዙም አይታይም፤ ለወጣቶች አልትራሳውንድ ይቀድማል። እናታችሁ ወይም እህታችሁ በወጣትነቷ ከታመመች እስከ 40 አትጠብቁ። ለሐኪም ንገሩ። ሲለወጡ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡት፣ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች ምርመራ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ከሄዳችሁ በኋላ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በእጅ ይመረምራችኋል። ቀጥሎ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ። አጠራጣሪ ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ባዮፕሲ የሚሉት ይህንን ነው። ቦታው ስለሚደነዝዝ የምትችሉት ነው። «መርፌ ወይም ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚል ፍርሃት ስንቱን ሰው ቤቱ እንዳስቀረው ሳስብ ያንገበግበኛል። እውነት አይደለም። ናሙና ሳይወሰድ ዓይነቱ አይታወቅም፣ ዓይነቱ ሳይታወቅ ደግሞ ትክክለኛው መድኃኒት አይታዘዝም። ልብ ይበሉ፤ ናሙና ከሚወሰድባቸው እብጠቶች መካከል አብዛኞቹ ካንሰር ሆነው አይገኙም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ሐኪም ዘንድ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲጠናቀቅ ይላል። «ቀስ ብለው ይደውሉልናል» ብላችሁ ቁጭ አትበሉ። ውጤቱ መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ። ካልመጣ ራሳችሁ ሂዱ።

[ምስሉ ይደበዝዛል። ድምፅ ብቻ።]

አክስቴ ውጤቷን ስትሰማ አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ ብዙ ነገር አስረዳት። ወጥተን ስንሄድ «ምን አለ?» አለችኝ። ካንሰር ከሚለው ቃል በኋላ አንድም ነገር አልሰማችም። ብዙ ሰው እንደዚሁ ነው። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትሂዱ የምለው። አብሯችሁ የሚጽፍ ሰው ይኑር። ወይም ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅዱት።

ደግሞም ያን ቀን ሁሉንም ነገር መወሰን የለባችሁም። ለማሰብ፣ ለመጠየቅ፣ ሌላ ሐኪም ለማማከር ጥቂት ሳምንታት አሉ። ወራት ግን የሉም። «ጸሎቱን ጨርሼ እመለሳለሁ»፣ «የባህል መድኃኒቱን ልሞክርና» እያሉ የቆዩ ሰዎች ሲመለሱ በሽታው ደረጃውን ቀይሮ ይጠብቃቸዋል። መጸለይ ሕክምናን አይከለክልም። ጎን ለጎን ይሂዱ።

መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄዎች አሉ። ደረጃው ስንት ነው? ንፍፊቶች ላይ ደርሷል? ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ነው? ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን በዝቶበታል? መልሶቹ የሕክምናውን መንገድ ይወስናሉ። በሆርሞን የሚያድገው እንደ ታሞክሲፈን ባሉ እንክብሎች ለዓመታት ይታገዳል። ሄር-2 የበዛበት ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለው። ይህ መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመፈቀዱ በፊት ያ ዓይነት ካንሰር እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነበር። ሁለቱ የሆርሞን ምልክቶች (ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን) እና ሄር-2፣ ሦስቱም የሌሉበት ዓይነትም አለ፤ ለእሱ ኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት፣ ዋናው መሣሪያ ነው።

[ምስል፦ አሮጌ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ጥቁርና ነጭ]

ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ጡት መቆረጡ ነው። ይህ ፍርሃት መነሻ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልያም ሃልስቴድ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ጡቱን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ንፍፊቶች ጋር ጠርጎ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ለአሥርተ ዓመታት ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሴቶች ተኝተው ሲነቁ ጡታቸውም ጡንቻቸውም የለም። ክንዳቸውን ማንሳት ያቅታቸው ነበር።

ከዚያ በርናርድ ፊሸር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም መጣ። አንዳንዶቹ ሴቶች እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር እንዲጨመርላቸው፣ ሌሎቹ ሙሉ ጡታቸው እንዲወጣ አድርጎ አነጻጸረ። የሥራ ባልደረቦቹ አጥብቀው ተቃወሙት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የ20 ዓመት ክትትል ውጤት በሁለቱ መካከል በሕይወት በመቆየት ልዩነት እንደሌለ አሳየ። ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ቬሮኔዚም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ውጤት አወጣ። ስለዚህ እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተገኘ፣ ጨረርም ከተገኘ፣ ጡትን ማትረፍ ይቻላል። ጡቴ ይቆረጣል ብላ በፍርሃት የምትደበቅ ሴት፣ መደበቋ ራሱ ጡቷን የማትረፍ ዕድሏን ያጠብባል። ይህን ብዙ ሴት ቀድማ ብትሰማ እወዳለሁ።

ኬሞቴራፒው ይከብዳል፤ አላስውበውም። ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት መርገፍ ይጀምራል። አክስቴ መውደቁን ከመጠበቅ ቀድማ አስቆረጠችው። ሕክምናው ሲያልቅ ፀጉር ይመለሳል፤ አንዳንዴ ከበፊቱ ተለይቶ ይበቅላል። ማቅለሽለሹን የሚያስታግሱ ጥሩ መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ እየተሠቃያችሁ ዝም አትበሉ፤ ንገሯቸው። አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። በኬሞ ላይ ሳላችሁ ሙቀታችሁ 38 ከደረሰ ወይም ከበለጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂዱ። ነጭ የደም ሴሎች ሲወርዱ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊያጣድፍ ይችላል።

ልጅ መውለድ የምትፈልጉ ወጣቶች ደግሞ ኬሞ ሳይጀመር በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ዕንቁላል ወይም ፅንስ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይቻላል። ከተጀመረ በኋላ ማንሳቱ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

የጨረር ሕክምና ብዙዎች እንደሚያስቡት በሚሰጥበት ሰዓት አያቃጥልም። በአብዛኛው ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ይመላለሳሉ። በየዕለቱ ጨረሩ የሚያርፍባችሁ ለደቂቃዎች ነው። ቆዳ ሊቀላና ሊደርቅ ይችላል፤ ድካምም አለ። ሰውነታችሁ ውስጥ ጨረር አይቀርም። ልጆቻችሁን እቀፉ።

[ምስል፦ ሁለት እጆች አንድ ኩባያ ይዘው]

ለቤተሰብ ደግሞ ይህን ልበል። «በርቺ፣ ምንም አትሆኚም» ደግ ቃል ነው። ግን አክስቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ስትሰማ ፍርሃቷን የምታወጣበት ታጣ ነበር። ያሳረፋት አንዲት ነርስ «ምን ያስፈራዎታል?» ብላ ጠይቃ ዝም ብላ ያዳመጠቻት ቀን ነው። የሚጠቅመው አጠገቧ ተቀምጦ መስማት ነው። መኪና መንዳት፣ ልጆች መጠበቅ፣ መድኃኒት ማምጣት ሳትጠይቅ ይሠራላት። ባሎችም እንዲህ አድርጉ። መልኳ ሲለወጥ ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አታንሱ። በትንሹ በእግር መንቀሳቀስ ድካሙን እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ አብራችኋት ተጓዙ።

አክስቴ ኬሞውን፣ ቀዶ ሕክምናውንና ጨረሩን ጨርሳለች። ንፍፊት ከብብቷ ስለወጣ ለዚያ ክንዷ ትጠነቀቃለች። ከባድ ነገር አትይዝበትም ነበር። አሁን የክንድ እንቅስቃሴ ከተማረች ወዲህ ቀስ በቀስ ትይዛለች። ቢያብጥባት ወዲያው እንደምትታይ ተነግሯታል። ታሞክሲፈኗን በየማታው ትውጣለች። ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ለዓመታዊ ማሞግራፊዋ ቀጠሮ ይዛለች። ታናሽ እህቷንም ይዛ ልትሄድ ነው። እህቷ «እኔ እኮ ምንም አያመኝም» ብላ ነበር። አክስቴ «አውቃለሁ» አለቻትና ሰዓቱን ነገረቻት።

[ስክሪኑ ይጨልማል።]