የአቧራ ኮከብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ስላለ አንድ ሰማያዊ ወረቀት ነው የማወራችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለው የካሪና ኔቡላ፣ ማለትም ሰማይ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ጫፍ ነው። ጠፈር ላይ ያለው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ አንስቷቸው በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አንዱ። እኔ ግን ያተምኩት በ1842 በተገኘ ዘዴ ነው፤ ሳይያኖታይፕ ይባላል። ሁለት የብረት ጨዎችን በውሃ በጥብጬ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ወረቀቱን በብሩሽ ቀባሁት። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ወደ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ብሩሁ ጥቁር ጥቁሩ ብሩህ ወደሆነበት ምስል፣ ቀይሬ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አተምኩት። ኔጌቲቩ ላይ ሰማዩ ባዶ ነው፣ ኮከቦቹ ጥቁር ነጠብጣብ። ወረቀቱ ላይ ደርቤ፣ መስታወት ጭኜበት፣ ግቢ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ፀሐይ ያገኘው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል።

ዘዴውን ያገኘው ጆን ኸርሼል የሰማይ ተመራማሪ ነበር። ከ1834 እስከ 1838 ኬፕ ታውን ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ ሲመዘግብ፣ ይህንኑ የካሪና ኔቡላ በእጁ ስሎታል። አባቱ ዊልያም ደግሞ በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ወደ ቀለማት በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም አለፍ አድርጎ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ምንም በማይታይበት ቦታ ሙቀቱ ጨመረ። ኢንፍራሬድን ያገኘው እንዲህ ነው። ዌብ የሚያየው በዚያ ብርሃን ነው። ብርሃኑን አባት አገኘው፣ ወረቀቱን ልጅ። ይህን ያወቅኩ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ደግሞም ወረቀቱን የሚያቀልመው በዋናነት አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ እሱም ለዓይን አይታይም። በማይታይ ብርሃን የተነሳውን በማይታይ ብርሃን አተምኩት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ህትመት ላይ፣ ግራ ጥጉ ላይ፣ ደመቅ ያለ ኮከብ ነበር። በጣም ወደድኩት። ከስክሪኑ ጋር ሳስተያየው ግን እዚያ ቦታ ምንም የለም። ለካ አቧራ ነው! በኔጌቲቩና በወረቀቱ መሐል ገብቶ ብርሃኑን ጋርዶታል።

አንድ ጓደኛዬ «ተዪው፣ የእጅ ሥራ ውበቱ እሱ ነው» አለችኝ። እኔ አልተስማማሁም። ቀለሙን ሰማያዊ ማድረጌ አይከነክነኝም፤ ኢንፍራሬድ ለዓይናችን ቀለም የለውም፣ በፎቶው ላይ የምናየውንም ቀለም የመረጡለት ሰዎች ናቸው። የኮከብ ቦታ ግን ማንም የመረጠው አይደለም። የሌለ ኮከብ ሰማይ ላይ መጨመር አልችልም።

መስታወቱን በጨርቅ ወልውዬ፣ ኔጌቲቩን በለስላሳ ብሩሽ አራግፌ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሜ አተምኩት። ሳፋው ውስጥ ስከተው ውሃው ቢጫ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ኮከቦቹ መንጣት ጀመሩ። ግራ ጥጉ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ሰማያዊ ብቻ ነው።