ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ
በፖሊሶች መረዳጃ ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ በሥራ ላይ ያላችሁም ጡረታ የወጣችሁም ባልደረቦቼ፣ የሟች አባሎቻችን ቤተሰቦች፣ ቡራኬ የሰጣችሁን አባቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ከሞጣና ከቢቸና፣ ከደጀንና ከሉማሜ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላም ጭምር የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዛሬው ስብሰባ ከትናንት ወዲያ ከቤቱ የተነሳ አለ። መኪና አጥቶ ግማሹን መንገድ በእግሩ የመጣም አለ። የጤፍ አጨዳ ሳይደርስ እንገናኝ ያላችሁት እናንተ ናችሁና ጥቅምትን የመረጥነው ለዚያ ነው። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከሁሉ በፊት በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን እናስብ። በሕመም የሄዱ አሉ። በግዳጅ ላይ የወደቁም አሉ። ስማቸውን ጸሐፊያችን ያነባል፣ እኛም ቆመን እናዳምጣለን። ያለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ለፖሊሱም ለገበሬውም ለነጋዴውም ከባድ ነበሩ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐዘን ያልጎበኘው ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ነገር ላረጋግጥላችሁ። እኛ ልቅሶ ቤት ስንገባ ሟቹ የትኛው ወገን ነበር ብለን አንጠይቅም። የአባላችን ቤት ከሆነ እንገባለን። ወደፊትም እንደዚያው ነው።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዣችን በዝርዝር ያቀርቡታል። እኔ ባጭሩ ልንካው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት የተኙ አባሎቻችንን ጠይቀናል። አስታማሚ ለሌለው ተራ ወጥተን አድረናል። በመስከረም ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ገዝተናል። ጣራው የሚያፈስ የአንዲት እናታችንን ቤት አናጢነት የሚችሉ አባሎቻችን ቆርቆሮውን ቀይረውላቸዋል፣ ለጉልበታቸው አንድ ብር አልተቀበሉም። መዋጮ ውዝፍ ያለባችሁ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ገንዘብ ያዡን አነጋግሩ። የሒሳብ መርማሪዎቹ ሪፖርት ከሰዓት ይነበባል፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ልወስድ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

እኛ ሰው ሲሞት ጎበዞች ነን። መርዶ እንደተሰማ ድንኳን ይተከላል። አግዳሚው ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለቀስተኛው ይስተናገዳል። ማንም እንዲህ አድርግ ሳይለን እናውቅበታለን። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን ምን እናደርጋለን? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምንም አናደርግም ነበር። ለአርባው እንመጣለን፣ ለተዝካሩ እንመጣለን። በመሐሉ ግን ያቺ ሴት ብቻዋን ናት። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ወጪ፣ የወፍጮው፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው። የባሏ ደመወዝ ቆሟል። የተተኪነት አበሉ፣ ማለትም ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ጡረታ፣ ገና አልተጀመረም። የሚያስጀምረውም ወረቀት ነው።

ባለፈው ሰኔ አንዲት እናት ቢሯችን መጣች። ባሏ ዋና ሳጅን ነበር፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛለች። ፌስታሉን ሌላ ፌስታል ውስጥ ከትታዋለች፣ ዝናብ እንዳይነካባት። አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልን። የእሱ መታወቂያ። ማህተሙ የደበዘዘ የዝውውር ደብዳቤ። በደንብ ልብስ የተነሳው ፎቶ፣ አንዱ ጥግ የተቀደደ። የሁለቱ ልጆች የክርስትና ካርድ። ሁሉም አላት። ሆኖም ለወራት ተመላልሳለች።

ችግሩ ስሟ ነው። በመታወቂያዋ ላይ ያለው ስም አባቷ ያወጡላት ነው። በባሏ የግል ማህደር ውስጥ «የሚስት ስም» በሚለው ቦታ የተጻፈው ደግሞ ስትዳር አማቷ ያወጡላት ስም ነው። እኛ አገር ይህ ምን ያስገርማል? ምራት ስትገባ ስም ይወጣላታል፣ መንደሩም ባሏም በዚያው ይጠራታል። ሰውዬው ወጣት ፖሊስ ሳለ ቅጽ ስጡኝ ብሎ ሲሞላ፣ አፉ ላይ የነበረውን ስም ጻፈ። አለቀ። ዛሬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሠራተኛ ሁለት ሴቶች ናቸው ይላል። ሠራተኛውን አልወቅስም። የሚያየው ወረቀት ነው። ሴትየዋ ግን ፍርድ ቤት ምስክር አቁማ፣ አንድ ሰው መሆኗን አስመስክራ፣ ውሳኔውን ይዛ እንደገና መሰለፍ ነበረባት። ባሏ በሕይወት ሳለ ቢሆን ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

ሌላም አለ። የእኛ የጎጃም ፖሊሶች ማህደር እንደ እኛው ብዙ ዞሯል። በድሮው ጊዜ ጎጃም ሲባል ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ ነበር። እዚህ ተቀጥሮ ቻግኒ የተመደበ፣ ከዚያ ወደ መተከል የተዛወረ ሰው አንድም ቀን ከጎጃም አልወጣም ነበር። በኋላ አከላለሉ ተቀየረ። መተከል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሄደ፣ የዚያ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ነው። አዊ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የእኛ የአማራ ክልል መቀመጫ ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ አንዱ ቁራጭ እዚህ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አሶሳ ሊገኝ ይችላል። ጥይት ያላስፈራው ሰው መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ሲንከራተት ሲሰበር አይቻለሁ። በእርጅና ዘመኑ ይህ አይገባውም።

ሕጉን በደንብ እንወቀው። የተተኪ አበል ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የሟች ሚስት ወይም ባል የሟቹን የጡረታ አበል 50 በመቶ ያገኛሉ። 18 ዓመት ያልሞላው እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ አለው። በሟቹ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ አባትና እናትም ድርሻ አላቸው፣ ይህን የማያውቁ ስንት ሽማግሌ ወላጆች አሉ! ሴት ፖሊሶቻችንም ልብ በሉ፣ ባልም ተተኪ ነው። ጥያቄውም ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መብቱን የሚያሳጣ የጊዜ ገደብ፣ አለው። ሐዘኑ ይውጣልኝ እያሉ ዓመታት ማሳለፍ ገንዘብ ያስቀራል።

የልጆቹም ነገር አለ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው የክርስትና ካርድ ብቻ ነው። አባቱ በሕይወት እያለ ቀበሌ ሄዶ ቢያስመዘግበው ጣጣ የለውም። አባት ከሞተ በኋላ ግን እናትየዋ የማን ልጅ እንደሆነ ማስረዳት ትጀምራለች። ለአንዲት ሐዘንተኛ ከዚህ የበለጠ የሚያም ጥያቄ አላውቅም።

ለዚህ ነው ከመጋቢት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሯችንን ለማህደር ሥራ የከፈትነው። በሰው ሀብት ክፍል ብዙ ዘመን የሠራ ጡረተኛ ባልደረባችን ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። አባሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። የሚስት ስም ከመታወቂያዋ ጋር ይገጥማል ወይ? የልጆቹ ልደት ተመዝግቧል ወይ? የቅጥር ደብዳቤው የት ነው? የጎደለው ይጻፍለታል፣ ወዴት እንደሚሄድ ይነገረዋል፣ አቅም ከሌለው ሰው ጋር አብረን እንሄዳለን። ቅጂውም በማህበሩ ካዝና ይቀመጣል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ሰው አልመጣም። ስለ ሞት ማውራት ደስ አይልም። «ገና ሳልሞት ልትቀብሩኝ ነው?» ያለኝ ወዳጄ አለ። ሚስቱ ናት እጁን ይዛ ያመጣችው። አሁን በሉማሜ በኩል ያሉትን አባላት እየዞረ የሚያስመዘግበው እሱው ነው።

በሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር። በግዳጅ ላይ የደረሰባችሁን ጉዳት በዚያው ቀን አስመዝግቡ። አንድ ባልደረባችን በአባይ በረሃ፣ በደጀን በኩል ባለው ቁልቁለት፣ የትራፊክ ሥራ ላይ ነበር። ክረምት ነው። ተሳቢ መኪና መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ እሱ ከኋላ የሚመጣውን ያስቆማል። ከላይ ናዳ ወርዶ እግሩን መታው። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ፍሬን የጋለበት መኪና ሲወርድ ሽታው ከሩቅ ይመጣል፣ ጥሎ የሚሄድበት ሥራ አይደለም። ነጠላ ጠምጥሞበት እስከ ማታ ቆመ። ማግስቱን ታከመ፣ ተመለሰ። ሪፖርት ግን አልተጻፈም። ከዓመታት በኋላ ያው እግሩ ከሥራ አስወጣው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ለማለት ማስረጃ ሲጠየቅ በእጁ ያለው የቁስሉ ጠባሳ ብቻ ነበር። የአንድ ገጽ ሪፖርት ጠፍታ የአንድ ሰው ዕድሜ ተጎዳ። ጀግንነቱን እወድለታለሁ። ወረቀቷን ግን አትናቁ።

ይህ የፖሊስ መረዳዳት እኛ ጋ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ፒትስበርግ በምትባል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1915፣ ማርቲን ቱልና ዴልበርት ናግል የተባሉ ሁለት ተራ ፖሊሶች ባልደረቦቻቸውን ሰበሰቡ። በመጀመሪያው ስብሰባ 23 ሰው ነበር። ዛሬ ያ የፖሊሶች የወንድማማችነት ማህበር ከ300 ሺህ በላይ አባላት አሉት። እነሱ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ከአሠሪያቸው ጋር ይደራደራሉ። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ፖሊስን አይመለከትም፣ እኛም የሠራተኛ ማህበር አይደለንም። መረዳጃ ነን። ይህን ልዩነት የምናገረው አንዳንድ ወጣቶች ማህበሩ ለምን ስለ ደመወዝ አይከራከርም ብላችሁ ስለምትጠይቁ ነው።

ከእነሱ ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው አገር በ1984፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ ፖሊስ የነበሩ ባሎቻቸውን በግዳጅ ላይ ያጡ ሴቶች ራሳቸው ማህበር አቋቋሙ። አንድ ፖሊስ ሲሞት ቤቱ ሄደው አዲሷን ሐዘንተኛ የሚያግዟት ያንኑ መከራ ያለፉ ሴቶች ናቸው። ይህን ሳነብ የእኛ እናቶች ትዝ አሉኝ። ያቺ ፌስታል ይዛ የመጣችው እናት ጉዳይዋ በነሐሴ ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሎች ሴቶችን ይዛ ፍርድ ቤትም መዝገብ ቤትም ተመላልሳለች። የትኛው መስኮት ጋ ምን እንደሚጠየቅ ከእኛ ከሁላችን በላይ ታውቃለች። ነገር ግን በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት አባል አይደለችም። ባሏ ሲሞት አባልነቱ አብሮ ሞቷል። ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው በእንግድነት ነው።

ይህ ትክክል አይደለም። ሥራ አስፈጻሚው ያመነበትን የማሻሻያ ሐሳብ አቅርበናል። የሟች አባል ሚስት ወይም ባል ከፈለጉ በሟቹ ቦታ ሙሉ አባል ይሆናሉ። ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ። ለመጀመሪያው ዓመት መዋጮ አይከፍሉም። ሐሳቡን የሚቃወሙ እንዳሉ አውቃለሁ፣ «ማህበሩ የፖሊስ ነው» ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ንግግራቸውንም በደንብ እንሰማለን። የእኔ መልስ ግን ይህ ነው። ሌሊት በር ሲንኳኳ አብራ ስትነሳ የኖረች፣ ደንብ ልብሱን ስታጥብ የኖረች፣ በየዝውውሩ ልጆቿን ይዛ ከወረዳ ወረዳ የተንከራተተች ሴት የዚህ ቤት ባዕድ አይደለችም።

ሁለተኛው ሐሳብ የማህደር ሥራው ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ በሞጣ፣ በቡሬና በደጀንም እንዲጀመር ነው። ለዚህ በየቦታው አንድ ጽሑፍ የሚችል፣ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገናል። ለትራንስፖርት ትንሽ ገንዘብ መመደብም አለብን። ገንዘብ ያዡ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያስረዳችኋል።

ሦስተኛው የስም መዝገቡ ነው። በግዳጅ ላይ የወደቁ የአካባቢያችንን ፖሊሶች ስም፣ ትውልድ ቦታና የወደቁበትን ቀን በአንድ መዝገብ ማስፈር ጀምረናል። የአገራችን ፖሊስ በ1934 ዓ.ም በአዋጅ ከተቋቋመ ጀምሮ ስንቱ እንደወደቀ አስቡት። በደብዳቤ የተረጋገጠውን ብቻ አይደለም የምንፈልገው። እናንተ አረጋውያን የምታስታውሱትን ንገሩን። አሥር አለቃ እከሌ እዚህ ወንዝ ላይ ወደቀ ካላችሁ እንጽፈዋለን፣ ቤተሰቡንም እናፈላልጋለን። ሻይ ስንጠጣ በበሩ በስተቀኝ ሁለት ልጆች ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። እነሱ ጋ ሄዳችሁ አስጽፉ።

የቀኑ አካሄድ እንዲህ ነው። አሁን የሟቾች ስም ይነበባል። ቀጥሎ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት። ከምሳ በኋላ በደንቡ ማሻሻያ ላይ ውይይትና ድምፅ ይሆናል። ራቅ ካለ ቦታ የመጣችሁ በጊዜ እንድትመለሱ ከአሥር ሰዓት በፊት እንጨርሳለን።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መዝገቡን ይዘህ ቅረብ። ሁላችንም እንነሳ።