«ቦርዱ ሞቷል» ማለት ይብቃን

ለትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህራንና ለኮምፒውተር ጠጋኞች፣ ባሕር ዳር የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ዲጂታል ትምህርት በሰፊው የሚናገሩ ሌሎች አሉ። እኔ የመጣሁት በየትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ተደርድረው አቧራ ስለሚጠጡት ኮምፒውተሮች ለመናገር ነው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ ተጭኖ ባሕር ዳር የሚደርስ ዴስክቶፕ አለ። ጠጋኙ ፍላሽ ይሰካል፤ ኢንስቶል ማድረግ ይጀምራል፤ ማሽኑ ኔትወርክ ካርዱን መፈለግ ሲጀምር ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ፎርማት ይደረጋል፤ እዚያው ቦታ ላይ ይደርቃል። ለሦስተኛ ጊዜ ፎርማት ይደረጋል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል፦ «ቦርዱ ሞቷል»፤ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሆኗል ማለት ነው። ማሽኑ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል፤ ልጆቹም ባንድ ኪቦርድ ላይ ተጋፍተው ይማራሉ።

ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚደርቅ ማሽን ሞተ አይባልም! የተበላሸ ራም ወይም የደከመ ፓወር ሰፕላይ አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ መሃል፣ አንዴ መጨረሻው ላይ ነው የሚጥለው። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ኔትወርኩ ጋ ከቆመ፣ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ፎርማት ደግሞ የሚያጠፋው ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ነው። ካርዱን ቀስቅሶ ማሽኑን የሚያደርቀው ድራይቨር ግን ያለው ፍላሹ ላይ ነው። መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉ ያው ድራይቨር መቶ ጊዜ ይመጣል። ፎርማት ማድረግ ጥገና አይደለም!

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ ይናገር። ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስትጭኑ የፍላሹ ምናሌ ሲመጣ ዝም ብላችሁ ኢንተር አትበሉ። ምናሌው ግረብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከሆነ «ኢ»ን፣ የአሮጌው ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ዓይነት ከሆነ «ታብ»ን ተጫኑ። ግረብ ላይ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው፣ በአሮጌው ዓይነት ደግሞ ታች በሚወጣው መስመር ላይ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ቃላት ታገኛላችሁ፤ ሁለቱንም አጥፏቸው። መልእክቱን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። ግረብ ላይ ከሆናችሁ በኤፍ10፣ አለዚያ በኢንተር አስነሱት። ጽሑፉ ይወርዳል፣ ይደርቃል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብዙ ጊዜ የተጠርጣሪው ድራይቨር ስም እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ሁለተኛው እርምጃ ድራይቨሩን ማገድ ነው። ተመልሳችሁ እዚያው መስመር መጨረሻ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፦ ሞድፕሮብ፣ ነጥብ፣ ብላክሊስት፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የድራይቨሩን ስም ጻፉ። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ጫኚ ግን አጻጻፉ ይገለበጣል፤ የድራይቨሩ ስም ይቀድማል፣ ነጥብ፣ ብላክሊስት፣ የእኩል ምልክት፣ «የስ»። የላን ኬብሉን ንቀሉ፤ ያለ ኔትወርክ ጭናችሁ ጨርሱ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ተጭኖ አለቀ፣ ሪስታርት ተደረገ፣ ማሽኑ እንደገና ደረቀ። «አላልኳችሁም!» ይባላል። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እገዳው የተጻፈው ለዚያች አንድ ቡት ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቡት ላይ ያንኑ መስመር ድገሙት፤ ከዚያ ሲስተሙ ሲነሳ በ«ኢቲሲ» ሥር ባለው «ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ከፍታችሁ «ብላክሊስት» ብላችሁ የድራይቨሩን ስም ጻፉ፤ ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ፋይልም አድሱ። የዴቢያኑ አጻጻፍ ይህን ራሱ ያስቀምጥላችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። በ2001 ዓ.ም. መስከረም የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 2.6.27 ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ የኢንቴል ላን ካርዶች መሞት ጀመሩ። ሃንግ ማድረግ አይደለም፣ መሞት ነው የምላችሁ። ካርዱ አድራሻውንና መቼቱን የሚያኖርባት ትንሽ ሚሞሪ ስለተበላሸች ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫንም አይነሳም ነበር። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር ላይ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ8.10 የሙከራ እትሙ ድራይቨሩን አገደው። ፍለጋው ግን በዚያ አላበቃም። ተፈትሾ ተፈትሾ የተገኘው ጥፋተኛ ኤፍትሬስ የሚባለው፣ የከርነሉን ሥራ የሚከታተለው መሣሪያ ነበር። አንድ ሞጁል (የከርነሉ ተጨማሪ ክፍል) ጨርሶ የለቀቀውን የሚሞሪ አድራሻ ይዞ ይቆይና በኋላ እዚያ ላይ ይጽፋል፤ አድራሻው ግን በመካከሉ ለላን ካርዱ ተሰጥቷል። ጽሑፉ ካርዱ ላይ ያርፋል፣ ካርዱ ይሞታል። በጥቅምት የወጣው 2.6.27.1 መከታተያውን ዘጋው፤ ጥፋቱም ቆመ።

እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ አገዱ፣ ጉዳቱን አስቆሙ፣ ከዚያ ጥፋተኛውን ፈለጉ። እኛስ? ቁጥር ሳናነብ፣ መልእክት ሳናይ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ማሽን ላይ የሞት ፍርድ እንፈርዳለን! አንድ ፎቶ ማንሳት ያቃተው ሰው «ሞቷል» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም የለበትም!

አሁን የኔትወርክ ካርዱ ቺፕ የማን ሥራ እንደሆነ እንለይ። ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ተርሚናል ላይ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ ብላችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ፣ ሰረዝና ሁለት ኤን ጨምሩ። ቁጥሩ በ14ኢ4 ከጀመረ ብሮድኮም ነው፤ በ10ኢሲ ሪልቴክ፣ በ8086 ኢንቴል፣ በ168ሲ አቴሮስ።

በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚያስቸግረው የብሮድኮም ዋይፋይ ነው። ቢ43 እና ደብሊውኤል የሚባሉ ሁለት ድራይቨሮች ለአንድ ካርድ ይሻማሉ፤ አንዱን ከመረጣችሁ ሌላውን አግዱ። ዴቢያን ከ12ኛው እትም፣ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈርምዌርን፣ ማለትም ካርዱ ራሱ ላይ የሚሠራውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ከጫኚው ጋር አብሮ ያመጣል። የቢ43 ፈርምዌር ግን ባለቤቱ ማከፋፈል ስላልፈቀደ አብሮ አይመጣም፤ ጥቅሉ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው። ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ፣ ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት! መውጫው ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ የአንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያውን) አብሩ። ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ላን ካርድ ያየዋል።

ሪልቴክ ላይ፣ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስትሻገሩ ካርዱ ከጠፋባችሁ፣ ዊንዶውስ አስተኝቶት ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ፣ የፓወር ገመዱን ንቀሉ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አውጡ፣ ማብሪያውን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ።

ዊንዶውስ ላይ ሰማያዊው ስክሪን ብዙ ጊዜ በ«ሲስ» የሚያልቅ የፋይል ስም ይጽፋል፤ እሱን ያዙ። ካርዱን ከባዮስ ዘግታችሁ ጫኑ፣ የማሽኑን አምራች ድራይቨር በፍላሽ አስገቡ፣ ከዚያ ክፈቱት። ግን የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አብዛኛውን አሮጌ ማሽን አይቀበልም። 32 ቢት ብቻ የሆነ ማሽን ላላችሁ ዴቢያን 12ን ያዙ፤ 13ኛው ለ32 ቢት ጫኚ የለውም።

የሚደርቅበት ቦታ እየተለዋወጠ ላስቸገራችሁ ሜምቴስት የሚባለው የራም መፈተሻ አንድ ሙሉ ዙር ይሂድ።

አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምትጠግኑት እያንዳንዱ ማሽን ጎን ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ የቺፑ ቁጥር፣ የታገደው ድራይቨር፣ የሠራው መስመር፣ ቀኑ። ቀጥሎ የሚከፍተው ጠጋኝ ከዜሮ አይጀምርም፤ ማሽኑም ለዚያ ብቻ ሐይቁን አይሻገርም።

አመሰግናለሁ።