የጦርነት ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፦ ሄዶ ማየት የሚገባን የትኛውን ነው?

ህሊና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ ጦርነት ፎቶዎች ነው። ስልክ ላይ ስለምናልፋቸው ሳይሆን ተመርጠውና ታትመው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀሉት። የዶክመንተሪና የጦርነት ፎቶ አውደ ርዕዮች ብዙ ናቸው። ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ቢያያቸው የማይቆጨው የትኞቹ ናቸው? እኔ ህሊና ነኝ፣ በረከትም እዚሁ አለ።

በረከት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ዛሬ የምንጠራቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ህሊና፦ እሺ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ከሚጠይቀው እንነሳ። "እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ ስልኬ ላይ አያለሁ፣ ለምን ብዬ ሄጄ አያለሁ?" ይላል።

በረከት፦ እውነት ነው፣ ያያል። ግን ስልክ ላይ አንድ ፎቶ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ጣታችን ገፋ ያደርገዋል፣ አለቀ። ቀጥሎ ማስታወቂያ ይመጣል። አውደ ርዕይ ላይ ግን ቆመሽ ነው የምታዪው። ሰውየው ፊት ለፊትሽ ነው። ከጎኑ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ ተጽፏል። ለእኔ ጥሩ አውደ ርዕይ ማለት ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው የሚያስተዋውቀኝ ነው። ዓላማው ማስደንገጥ ብቻ ከሆነ ደንግጬ እወጣለሁ፣ በቃ፣ ሌላ የማገኘው ነገር የለም።

ህሊና፦ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን 1855 ላይ ክራይሚያ ጦር ሜዳ ሄዶ ከ300 በላይ ፎቶዎች አነሳ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ለሕዝብ ታዩ። መኮንኖች አሉ፣ ድንኳኖች አሉ፣ ፈረሶች አሉ። ሬሳ ግን የለም።

በረከት፦ ሰባት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ጥቅምት 1862፣ ኒውዮርክ፣ ማቲው ብራዲ ብሮድዌይ ላይ ባለው የፎቶ ቤቱ "የአንቲታም ሙታን" የሚል አውደ ርዕይ ከፈተ። አንቲታም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያ የተካሄደበት ቦታ ነው። ፎቶዎቹን ያነሱት ለእሱ ይሠሩ የነበሩት አሌክሳንደር ጋርድነርና ጄምስ ጊብሰን ናቸው። አሜሪካኖች በጦር ሜዳ የወደቁ ወገኖቻቸውን በፎቶ ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ያኔ የጻፈውን አንብበሽዋል?

ህሊና፦ አንብቤዋለሁ። ብራዲ ሬሳዎቹን አምጥቶ ደጃችን ላይ ባያስተኛቸውም ለዚያ የቀረበ ነገር አድርጓል ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የሟቾቹ መልክ ይለያል። ጸሐፊው እነዚያ ፎቶዎች ላይ ካጎነበሱት ሴቶች አንዷ ባሏን ወይም ልጇን ወይም ወንድሟን ስትለይ እዚያ መገኘት አልፈልግም ይላል። 160 ዓመት አልፎት አሁንም ያው ጥያቄ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው የአንድ ሰው ዘመድ ነው።

በረከት፦ እዚህ ላይ ግን ስለ ጋርድነር አንድ ነገር መነሳት አለበት። በሚቀጥለው ዓመት፣ 1863፣ የዚያው ጦርነት ሌላ የውጊያ ቦታ በሆነችው ጌቲስበርግ ላይ አንድ የሞተ ወታደር በድንጋይ ምሽግ ውስጥ ተጋድሞ አነሳ። ጠመንጃው ድንጋዩ ላይ ተደግፏል። በጣም የታወቀ ፎቶ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ 1975 ላይ፣ ዊልያም ፍራሳኒቶ የሚባል የታሪክ ተመራማሪ ድንጋዮቹንና የሬሳውን ልብስ ከሌሎች ፎቶዎች ጋር አስተያየ። ለካ ያ ሬሳ መጀመሪያ የተነሳው ሌላ ቦታ ነው። ጎትተው አምጥተው ነው እዚያ ያስተኙት።

ህሊና፦ እኔ እንዲህ ያለውን የማይደብቅ አውደ ርዕይ ደስ ይለኛል። ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ ዶክመንተሪ ሴንተር የሚባል ቦታ አለ። 2015 ላይ በ150 ዓመት ውስጥ ተመቻችተው የተነሱ ወይም የተነካኩ የዶክመንተሪ ፎቶዎችን ብቻ ሰብስቦ አሳይቷል። ተመልካቹን ማመን ማለት ይሄ ነው። ፎቶውም ይታያል፣ ውሸቱም ይነገራል።

በረከት፦ የማዕከሉ አመጣጥ ራሱ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። የጦርነት ፎቶ አንሺው ቲም ሄዘሪንግተን ሊቢያ፣ ሚስራታ ላይ ሚያዝያ 2011 ተገደለ። ባልደረባው ክሪስ ሆንድሮስም በዚያው ጥቃት ሞተ። ማዕከሉ በዚያው ዓመት ተከፈተ። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ የሄዘሪንግተን ጓደኛ ማይክል ካምበር፣ ራሱ የጦርነት ፎቶ ጋዜጠኛ ነው። ሄዘሪንግተን አፍጋኒስታን ውስጥ ያነሳቸውን የተኙ ወታደሮች አይተሻቸዋል አይደል? መሣሪያ የለም፣ ጀግንነት የለም። የደከማቸው ልጆች ናቸው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ የወሰዳቸው።

ህሊና፦ እናቶቻቸው የሚያውቋቸው መልክ ነው። እሺ፣ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብልህስ?

በረከት፦ ሳላመነታ ቬትናም። ሆቺሚን ከተማ፣ የጦርነት ቅሪቶች ሙዚየም ውስጥ "ሬኪየም" የሚባል ቋሚ አውደ ርዕይ አለ። እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ያነሱት ሰዎች በሙሉ በኢንዶቻይናና በቬትናም ጦርነቶች የሞቱ ወይም ጠፍተው የቀሩ ናቸው። ስብስቡ 135 ፎቶ አንሺዎችን ያስታውሳል። የሰበሰቡት ሆርስት ፋስና ቲም ፔጅ ናቸው። ሁለቱም እዚያው ጦርነት ላይ የሠሩ፣ ሁለቱም የቆሰሉ።

ህሊና፦ ደግሞ ወገን አልለዩም።

በረከት፦ ዋናው እሱ ነው! ለአሜሪካ መጽሔት ይሠራ የነበረውም አለ፣ ከሰሜን ቬትናም ተዋጊዎች ጋር ጫካ ውስጥ የቀረውም አለ። ሮበርት ካፓ አለ፣ 1954 ላይ ፈንጂ ረግጦ የሞተው። ዲኪ ቻፔል አለች፣ 1965። ላሪ በሮውስና አንሪ ዩዌ አሉ፣ የካቲት 1971 ላኦስ ላይ በአንድ ሄሊኮፕተር አብረው የሞቱት። የሰሜኖቹን ስም ግን ብዙዎቻችን ሰምተነው አናውቅም። እዚያ ነው ከእነ ካፓ ጎን የተቀመጡት። ያ ብቻ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ህሊና፦ የበሮውስ ሥራ ሲነሳ እኔ ሁሌም የማስበው 1965 ላይ ለላይፍ መጽሔት የሠራውን ነው። አንድ ወጣት የሄሊኮፕተር ሠራተኛን ይዞ ቀኑን ሙሉ አብሮት ዋለ። ልጁ መትረየሶቹን ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል። አየር ላይ ጓደኞቹ ይመታሉ፣ አንዱ ሲሞት ያያል። በመጨረሻ ተመልሶ፣ ዕቃ ላይ ተደፍቶ፣ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ ይታያል። ከመሃል አንዱን ብቻ ብታወጣው የውጊያ ፎቶ ነው። በቅደም ተከተል ስታየው የአንድ ልጅ ቀን ነው። የአውደ ርዕይ ጥቅሙ ቅደም ተከተሉን ማሳየቱ ነው።

በረከት፦ የአንቺስ ምርጫ?

ህሊና፦ ሂሮሺማ። የሰላም መታሰቢያ ሙዚየሙ። አቶሚክ ቦምቡ በወደቀበት ቀን፣ ነሐሴ 6 ቀን 1945፣ ከተማው ውስጥ ሆኖ ያነሳ ዮሺቶ ማትሱሺጌ የሚባል የጋዜጣ ፎቶ አንሺ አለ። ከዚያ ቀን የቀሩት ፎቶዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ከመሃል ከተማው ሁለት ኪሎሜትር አለፍ ብሎ፣ ሚዩኪ ድልድይ ጋ፣ የተቃጠሉ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። የቁስሉ ማስታገሻ ዘይት ብቻ ነበር። ካሜራውን አንስቶ ለረጅም ደቂቃዎች መጫን አቃተው። በመጨረሻ ሲያነሳ መስታወቱ በእንባ ደብዝዞበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

በረከት፦ ከኋላቸው ነው ያነሳቸው አይደል?

ህሊና፦ አዎ፣ አብዛኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ልብሳቸው የተቀዳደደ፣ ተጠጋግተው የተቀመጡ። ፊታቸውን አታየውም። ፎቶው ራሱ ጥራት የለውም፣ ተቧጭሯል። ጨለማ ክፍል ስላልነበረው ፊልሙን ያጠበው ማታ ከቤት ውጭ ነው። ይሄን ሁሉ ካወቅህ በኋላ ያቺ ግራጫ ፎቶ ፊት ዝም ብለህ ማለፍ አትችልም። ደም የለባትም፣ ግን የቀኑ ክብደት እሷ ላይ አለ።

በረከት፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። አንቺ ሬሳ በግልጽ መታየት አለበት ባይ ነሽ።

ህሊና፦ መታየት አለበት እላለሁ። አዎ፣ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ፣ ለብቻው ክፍል ይደረግ። ግን ይታይ። ጦርነትን አጽድተን ካሳየነው ዋሸን። የፌንተንን ክራይሚያ አስበው። ያን ያየ ሰው ጦርነት ሽርሽር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በረከት፦ እኔ ደግሞ የማን ሬሳ እንደሚታይ ነው የምጠይቀው። ልብ ብለሽ እዪ፣ ብዙ ጊዜ የአውደ ርዕዩ አዘጋጆች የራሳቸውን አገር ሟች ይሸፍናሉ፣ የሩቁን ሰው ግን ፊቱን ከፍተው ይሰቅላሉ። የሩቁ ሰው ቤተሰብ የለውም? ፈቃድ ጠየቁት? በዚህ ጉዳይ የሳራዬቮውን ጋለሪ 11/07/95 አከብረዋለሁ። 1995 ላይ ቦስኒያ ውስጥ የተፈጸመው የስሬብሬኒትሳ ጭፍጨፋ መታሰቢያ ነው፣ 2012 ላይ ነው የተከፈተው። በውስጡ ያሉት ታሪክ ሳማራህ የሚባል ፎቶ አንሺ ያነሳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ናቸው። የጅምላ መቃብር ቁፋሮ፣ አጥንት ለመለየት የሚደረገው ሥራ፣ የሚጠብቁ እናቶች። ግድያው በዚያች ቅጽበት ሲፈጸም አታዪም። ከ8,000 በላይ ሰው መገደሉን ግን ከዚያ ክፍል ስትወጪ መቼም አትረሺውም።

ህሊና፦ እሱን እቀበልሃለሁ። ግን ሁሉም ቦታ እንደዚያ ይሁን ካልከኝ አልስማማም። መቃብር ቆፍሮ የሚያሳይ ፎቶም እኮ ሰው ሳይደብቅ ስላሳየ ነው የደረሰን።

በረከት፦ እዚህ ላይ አንስማማም፣ ይቆየን። ወደ ፌስቲቫሎቹ እንሂድ።

ህሊና፦ ፈረንሳይ፣ ፔርፒኞን። "ቪዛ ፑር ሊማዥ" ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይካሄዳል። የፎቶ ጋዜጠኝነት ትልቁ ፌስቲቫል ነው። ገዳማትና አሮጌ ሕንፃዎች በሙሉ የፎቶ ማሳያ ይሆናሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ትልቅ ስክሪን ላይ ፎቶ ይታያል።

በረከት፦ እዚያው ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ባዩ አለች። ከ1994 ጀምሮ በየጥቅምቱ የጦርነት ዘጋቢዎች ሽልማት ይሰጥባታል፣ ፎቶዎችም ከተማው ውስጥ ይዘረጋሉ። እዚያ ከሄዳችሁ የዘጋቢዎች መታሰቢያውን ሳታዩ አትመለሱ። ከ1944 ወዲህ በሥራ ላይ የተገደሉ ጋዜጠኞች ስም በየዓመቱ ተለይቶ ነጭ ድንጋዮች ላይ ተቀርጿል። ዛፎች መሃል ነው፣ እየተራመዱ ማንበብ ነው።

ህሊና፦ ርቆ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ ወርልድ ፕሬስ ፎቶን ይጠብቅ። 1955 ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረ የፎቶ ጋዜጠኝነት ውድድር ነው። የየዓመቱ አሸናፊዎች አምስተርዳም ከታዩ በኋላ ብዙ ከተሞችን ይዞራሉ። እውነቱን ለመናገር ከዓመት ዓመት እኩል አይደለም። አንዳንዴ አንድ ክፍል ውስጥ ጦርነትም ስፖርትም ተፈጥሮም ተጨናንቆ አንዱ አንዱን ይሸፍነዋል። ግን ራሱን የሚመረምር ድርጅት ነው። 1972 ቬትናም ላይ የተነሳችውን፣ ናፓልም በሚባል ተቀጣጣይ ቦምብ ተቃጥላ የምትሮጠውን፣ የዚሁ ውድድር አሸናፊ የሆነችውን ልጅ ፎቶ ታውቃታለህ። 2025 ላይ ማን እንዳነሳው ጥርጣሬ ስለተነሳ የፎቶ አንሺውን ስም አግዶታል። አሶሺየትድ ፕሬስ ደግሞ ስሙን አልነካም። ፎቶው እውነት መሆኑ አላከራከረም፤ ያከራከረው ማን አነሳው የሚለው ነው።

በረከት፦ ስለዚህ ነው መግለጫውን አንብቡ የምለው። ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ ያልፋል። ግማሹ ታሪክ ያለው እዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ስም አለ? ወይስ "አንዲት ሴት" ብቻ ነው የሚለው? ፎቶውን ያነሳው የአገሬው ሰው ነው ወይስ ለሳምንት የመጣ? እሱን ስታዩ የአዘጋጆቹ ሐሳብ ይገባችኋል።

ህሊና፦ አሁን የሌለ ግን መነሳት ያለበት አንድ አለ። ቴት ሞደርን፣ ለንደን፣ ከ2014 ወደ 2015 የታየው "ግጭት፣ ጊዜ፣ ፎቶግራፍ"። ፎቶዎቹን በጦርነት ወይም በአገር አልደረደሯቸውም። ከክስተቱ በኋላ ባለፈው ጊዜ ነው የደረደሯቸው። ከደቂቃዎች በኋላ፣ ከቀናት በኋላ፣ ከወራት፣ ከዓመታት፣ መቶ ዓመት እስኪጠጋ ድረስ። ሾሜይ ቶማትሱ ፎቶ ያነሳት ሰዓት እዚያ ነበረች፣ ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምቡ ሲፈነዳ 11:02 ላይ ቀጥ ብላ የቆመችው፤ ያነሳት 1961 ላይ ነው። ክሎዊ ዲው ማቲውስ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጦር ሜዳ ከዱ ተብለው ወታደሮች የተረሸኑባቸውን ቦታዎች ሄዳ አነሳች። ሜዳ ነው፣ ጫካ ነው፣ ምንም የለም። ግን መግለጫው ላይ የሟቹ ስምና ቀን አለ።

በረከት፦ አንድ አድማጭ ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ ብሎ ጽፎልናል።

ህሊና፦ እንደ ልጁና እንደ ቦታው ነው። መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ እይ። ለንደን ያለው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ለምሳሌ መግቢያው ነፃ ነው፣ 2023 ላይ ለሥነ ጥበብ፣ ለፊልምና ለፎቶ አዲስ ክፍሎች ከፍቷል። አንዱን ክፍል አሳይተህ መውጣት ትችላለህ። ሁሉንም ማየት ግዴታ አይደለም። ለአዋቂም ቢሆን እንደዚያው ነው። ከሃያኛው ፎቶ በኋላ ዓይን ይደነዝዛል። ያኔ ውጡ፣ ንፋስ ተቀበሉ፣ ከፈለጋችሁ ተመለሱ።

በረከት፦ ልጁ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ብሎ ከጠየቀም አብራችሁት መግለጫውን አንብቡለት። የምታውቁትን ንገሩት። በሚቀጥለው ክፍል በስደት ላይ የተሠሩ የረጅም ጊዜ የፎቶ ሥራዎችን ይዘን እንመጣለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።