ግሽበትን የመግታት ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል? በጎንደር በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ሪፖርት፣ የኦዲት ሪፖርቱና የመጪው ዓመት ዕቅድ በየተራ ይቀርቡላችኋል። በሦስቱም ሰነዶች ውስጥ በየአኃዙ ሥር ያለ፣ ሆኖም በአንዱም ገጽ በስሙ ያልተጠራ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የዋጋ ግሽበት ነው። የቁጠባችን መጠን በብር ሲታይ ከዓመት ዓመት አድጓል፤ ያ ብር ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ነገር አድጓል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ አባል ግን ሪፖርቱ መልስ የለውም። ስለዚህ በዚህ መክፈቻ ግሽበት ከምን እንደሚመጣና በተለይም እርሱን ለመግታት የሚወጣው ወጪ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ በጥቂቱ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ውሳኔ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነውና።

ገበያ ወጥተን ዋጋ ሲያስደነግጠን መጀመሪያ የምንወቅሰው ከፊታችን የቆመውን ነጋዴ ነው። ዕቃ የሚደብቅና አጋጣሚ ጠብቆ የሚያስወድድ ነጋዴ መኖሩን አልክድም፤ በሕግም ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ነጋዴ ትርፍ መውደድ የጀመረው ትናንት አይደለም፤ በየዘመኑ የነበረ ጠባይ ደግሞ ዋጋ በአንዱ ዓመት ረግቶ በሌላው ዓመት ለምን እንደሚንር ሊያስረዳን አይችልም። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መንግሥት በተወሰኑ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ባወጣ ጊዜ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ዘይትና ስኳር ከሱቅ ጠፉ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ጣሪያውም ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ተነሣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ዓመታዊው ግሽበት 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር።

አንደኛው የግሽበት ምንጭ ገንዘቡ ራሱ ነው። መንግሥት በግብር ከሚሰበስበው በላይ ሲያወጣና ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ቀጥታ ብድር ሲሸፍን፣ በሰው እጅ የሚዘዋወረው ብር ይበዛል፤ ጤፉ፣ ሲሚንቶውና የሚከራየው ቤት ግን በዚያው ልክ አይበዛም። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ሲወርድም እንዲሁ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሻገረ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጃችንን፣ ማዳበሪያችንንና መድኃኒታችንን ከውጭ የምናስገባ በመሆናችን ይህ ለውጥ ዶላር ዐይቶ ወደማያውቀው ገበሬ ቤትም ይገባል።

ሁለተኛው ምንጭ የአቅርቦት ነው፤ ጎንደር ላይ ሆኖ ስለዚህኛው በዝርዝር አለመናገር አይቻልም። ከተማችን ጤፉንና ነጭ ሽንኩርቱን ከደንቢያ፣ ሩዙን ከፎገራ፣ ማሽላውን ከመተማ በኩል ታገኛለች። መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲያሠጋ የጭነት መኪናው በቀጠሮው አይነሣም፤ ሲነሣም ሾፌሩ ለሥጋቱ ተጨማሪ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ነዳጅ ከማደያ ጠፍቶ በጥቁር ገበያ የተገዛ እንደሆነ ያም ልዩነት በኩንታሉ ላይ ይደመራል። ምርቱ እዚያው አውድማ ላይ ርካሽ ሆኖ ሳለ ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህም ገበሬውም ሸማቹም ይጎዳሉ። የአገራችን የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ከግማሽ በላይ የሚይዘው ምግብ ስለሆነ፣ የአንድ መንገድ መዘጋት ከብዙ የባንክ ውሳኔዎች ይልቅ በኑሯችን ላይ ይሰማል። የወለድ ተመን ከፍ ማለቱ ደግሞ የተዘጋ መንገድ አይከፍትም። ስለዚህ የዋጋ መረጋጋት የብሔራዊ ባንክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ስሰማ ቅር ይለኛል፤ ከሰላምና ከመንገድ ተነጥሎ የሚረጋጋ ዋጋ የለምና።

ግሽበት ማንን እንደሚጎዳ ለዚህ ጉባኤ በስፋት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሁለት ነገር ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። የመጀመሪያው ቁጠባ ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። ዓመታዊው ግሽበት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ እናውቃለን። አንዲት እናት 1,000 ብር ባንክ ብታስቀምጥና ዋጋ በዓመት በ30 በመቶ ቢያድግ፣ በዓመቱ መጨረሻ 1,070 ብር ታወጣለች፤ አምና በ1,000 ብር የምትገዛው ዕቃ ግን 1,300 ብር ሆኗል። በእጇ ያለው ገንዘብ በአምናው ዋጋ 823 ብር ያህል ብቻ ነው። የጎደለው ገንዘብ ጠፍቶ አልቀረም፤ በርካሽ ወለድ ለተበደረው ወገን ተላልፏል፤ ከተበዳሪዎች ሁሉ ትልቁም መንግሥትና ግዙፍ ድርጅቶቹ ናቸው። ይህ በየትኛውም ምክር ቤት ያልጸደቀ ግብር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው አነስ አድርጎ መግዛት ነው። ዘይት በአምስት ሊትር ጀሪካን ይገዛ የነበረ ቤተሰብ ዋጋው ሲያይልበት ወደ አንድ ሊትር፣ ከዚያም በሃይላንድ ተቀድቶ ወደሚሸጠው ግማሽ ሊትር ይወርዳል። በሃይላንድ የሚገዛው ሰው ለአንድ ሊትር የሚከፍለው በጀሪካን ከሚገዛው ይበልጣል። ጤፍ በኩንታል ትቶ በጣሳ የሚገዛውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በየወሩ የሚነገረው አንድ የግሽበት አኃዝ ድሃው የሚከፍለውን በሙሉ አያሳይም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ግሽበትን መግታት ራሱ ወጪ አለው፤ ይህንን ወጪ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በግሽበቱ የተጎዳው ሰው ነው። በአሜሪካ የማዕከላዊ ባንኩ ሊቀመንበር የነበሩት ፖል ቮልከር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ገንዘቡን አጥብቀው ሲይዙ የአጭር ጊዜ ወለድ ወደ 20 በመቶ ወጣ። ግሽበቱ ወረደ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ቤት ሠሪዎች ሥራ ፈተው ተቃውሟቸውን ለመግለጽ የጣውላ ቁራጭ በፖስታ ወደ ባንኩ ይልኩ ነበር፤ በዶላር የተበደረችው ሜክሲኮም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ዕዳዋን መክፈል አቃታት። በውሳኔው የተጎዱት እነዚህ ሁሉ በውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም።

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድርም ካለፈው ዓመት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገደበው። ሁለተኛው ውሳኔ ብዙ ያልተወራለት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው፤ የግሽበቱን አንዱን ምንጭ ከሥሩ የሚይዝ ነውና። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ 20 በመቶ የነበረው ዓመታዊ ግሽበት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ወደ 14 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። የብድር ጣሪያው ግን ከጊዜ በኋላ ከፍ ቢደረግም ሌላ መልክ ነበረው። ጣሪያው ለባንኮች ሁሉ እኩል ነው፤ ባንክ ግን ደንበኞቹን እኩል አያይም። የሚያበድረው ገንዘብ ሲያጥረው ለቆዩትና ለትልልቆቹ ደንበኞቹ ያስቀድማል፤ በማራኪ ሰፈር ዳቦ ቤት ልትከፍት ያሰበችው ወጣትና አዘዞ ላይ ጋራዥ ያለው ሰው በሩ ላይ ይቀራሉ። እነዚህ ሰዎች ወደ እኛ መጥተዋል፤ የብድር ጠያቂዎቻችን መዝገብ የረዘመው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ደመወዝተኛው የሚከፍለው ደግሞ ብዙም የማይታይ ሌላ ወጪ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ቆየ፤ ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ደመወዙ ከ5,000 ወደ 8,000 ብር ያደገ ሠራተኛ፣ ጭማሪው የዋጋውን ንረት እንኳ ሳይተካለት፣ በመጨረሻዋ ብር ላይ የሚከፍለው ግብር ከ20 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለበት። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ነጻው መጠን 2,000 ብር ሆኗል፤ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ሁለቱም መልካም እርምጃዎች ናቸው፤ ነገር ግን ቀጣዩ ማስተካከያ መቼ እንደሚሆን የሚያስገድድ ነገር ከሌለ ጉዳቱ ተመልሶ ይጀምራል። ጡረታም በውሳኔ ካልተሻሻለ በቀር በራሱ ከዋጋ ጋር አብሮ አያድግም።

ሌላውን ስንጠይቅ የራሳችንንም ቤት መመልከት አለብን። ማኅበራችን ቆጣቢና ተበዳሪ የሚገናኙበት ነው፤ ግሽበት ደግሞ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ለመሥራት የተበደረ አባላችን የቀረበት ዕዳ በብር ሲቆጠር በውሉ ላይ የሰፈረው ነው፤ በጤፍ ሲለካ ግን በጣም ቀንሷል። ያ የቀነሰው ክፍል የመጣው ምንም ሳይበደሩ በየወሩ ከሚቆጥቡት፣ በተለይም ከጡረተኞቻችንና ከቸርቻሪ እናቶቻችን ነው። ተበዳሪው ያጠፋው ነገር የለም፤ ውሉን አክብሮ ከፍሏል። ሆኖም የብድር ወለዱን በአንድ ጊዜ አብዝተን ብንጨምር ደግሞ ያለ እኛ ሌላ በር የሌለውን ሰው እንዘጋበታለን፤ ከላይ ባንኮችን በወቀስኩበት ነገር እኛው እንገኛለን።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ይህንን አመዛዝኖ ያዘጋጀው የውሳኔ ሐሳብ በእጃችሁ ይገኛል። ከዘንድሮው ትርፍ ለዕጣ ድርሻ ከመከፋፈሉ በፊት የአነስተኛ ቆጣቢዎች ወለድ ከፍ እንዲል፤ ከእንግዲህ በሚሰጡ የረጅም ጊዜ ብድሮች ላይ ወለዱ በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ እየታየ እንዲስተካከል፣ የተፈረሙ ውሎች ግን እንዳይነኩ፤ ለሕክምናና ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰጠው አስቸኳይ ብድር ባለበት እንዲቀጥል ይጠይቃል። ከዚህም ጋር የግብር ሠንጠረዡና የጡረታ አበሉ የሸማቾች ዋጋን ተከትለው በየዓመቱ እንዲታዩ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበራችን ስም ለሚመለከታቸው አካላት እንዲጻፍ ሐሳብ ቀርቧል። በትርፉ ድርሻ ላይ የተለየ አቋም ያላቸው አባላት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ድርሻቸው የሚቀንስባቸው ናቸውና የመናገር ዕድል ቅድሚያ ለእነርሱ እንዲሰጥ ሰብሳቢውን እጠይቃለሁ።

ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ። የኦዲት ሪፖርቱን የሚያቀርቡልን ባለሙያ ወደ መድረኩ ይምጡልን።