ሁለት ቃል ያላት ኢሜይል

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። ቆይ ቆይ፣ አትዝጉት!

የምሠራው የደንበኞች መረጃ በሚይዝ ሲስተም ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2018 ሥራ ላይ ሲውል ፕሪንት አድርጌ፣ በሃይላይተር እያሰመርኩ አነበብኩት። 99 አንቀጽ! "ተገላገልኩ" አልኩ። ምን መገላገል አለ! በ2020 የካሊፎርኒያው መጣ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዳታ ወደ አሜሪካ የሚሄድበትን ፕራይቬሲ ሺልድ የተባለ ስምምነት ውድቅ አደረገው። ከዚያ ብራዚል፣ ቻይና፣ ሕንድ... የካሊፎርኒያውም በ2023 ተሻሽሎ ተመለሰ። እኔም ዜናውን እየተከተልኩ ሳነብ፣ ሥራዬን የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአንዲት ደንበኛ ኢሜይል መጣ። "መረጃዬን አጥፉልኝ።" ሁለት ቃል ብቻ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በአውሮፓው ሕግ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለብን በቃሌ አውቃለሁ። ዳታቤዝ ውስጥ ገብቼ አጠፋሁ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

ባልደረባዬ "ያ ኤክሴሉስ?" አለኝ። የቱ ኤክሴል? ላፕቶፑ ዳውንሎድ ውስጥ ተገኘ፤ ስሙ "የመጨረሻ_የመጨረሻ2"። እሱን ሳንጨርስ ባክአፑ ትዝ አለን። ቀጥሎ የሽያጭ ክፍሉ የጋራ ኢሜይል። ከዚያ ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ስክሪንሾት፤ የለጠፈው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። አፈርኩ። አንቀጹን በቁጥር እጠራለሁ፣ ዳታው የት እንዳለ ግን አላውቅም።

ይኸው የአውሮፓው ሕግ፣ መረጃ ሾልኮ ሰዎችን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ፣ ባወቅን በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል እንድናሳውቅ ይጠይቃል። ሦስት ቀን ማለት ነው። እኔ የአንዲት ሴት ስም ለመልቀም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል!

ሕጎቹን መከታተል አልተውኩም፤ ለረቂቁ ነገር ጠበቃ እንጠይቃለን። አሁን ግን አዲስ ነገር ሲወጣ መጀመሪያ የምከፍተው የራሳችንን ሠንጠረዥ ነው፦ ምን ይዘናል፣ ለምን፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል። ባለፈው "የትውልድ ቀን" ላይ ደረስንና "ይኼን ለምንድነው የምንጠይቀው?" አልኩ። ዝም። ፎርሙን የሠራው ሰውዬ ራሱ አያስታውስም። አወጣነው።

እስካሁን የት ሄደ ያለ የለም። በሉ ቻው!